በካልሲ የተጠቀለለ መዶሻ

ስኩተሬን የገዛኋት ባሕር ዳር ሳስተምር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ እዚያ እንደ ልቧ ትበር ነበር። ወደ ደባርቅ ስዛወር በጭነት መኪና አመጣኋት። እዚህ ግን ዳገት ባየች ቁጥር ታቃስት ጀመር። ብቻዬን ስሆን እንደምንም ትወጣለች፤ ሰው ከኋላዬ ከተቀመጠ ግን ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቀጥ ነው። ተማሪዎቼ በአጠገቤ ሲያልፉ "ቲቸር፣ እንግፋ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቱግ ባይ ነኝ፤ የፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ዳገት ላይ "እንግፋ" መባል እንዴት እንደሚያናድድ ልነግራችሁ አልችልም።

ከኋላዬ የሚቀመጡት የንስሐ አባቴ ናቸው። ከተከራየሁበት ግቢ ቀጥሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። የሚያገለግሉት ግን ከተማ ውስጥ አይደለም፤ በዳባት መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ዳገት ላይ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው ተመላልሰውባታል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ እኔ አደርሳቸው ጀመር። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ግን እሳቸው ይወርዳሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ በሌላው እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያረፉ ይወጣሉ፤ እኔ ባዶዋን ነድቼ ከላይ እጠብቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ላብ አጥምቋቸው ደረሱና "አይ ልጄ፣ ይቺ በቅሎህ የምትወደው ሜዳ ሜዳውን ነው" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አንጀቴን በሉኝ።

ያለው መላ የኋላ ጥርሷን መለወጥ ነበር። የኋላ ጎማዋን የሚያዞሩት ጥርሶች ዘይት ባለበት ትንሽ የብረት ቤት ውስጥ ነው ያሉት። እነሱን አውጥቶ ጥርሱ የበዛውን መተካት ነው፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ዳባት የማውቀው መካኒክ "አምጣት፣ ግማሽ ቀን አትፈጅብኝም" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል፤ እኔ ግን ዲግሪ አለኝ፣ ቪዲዮውን በስልኬ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ዕቃውን ከጎንደር አዘዝኩ፤ ዓርብ ማታ በሚኒባስ ደረሰልኝ።

የዚያን ዕለት አባ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። "ይህችን እሑድ እንዳታሳጣኝ" አሉኝ። "አንዲት ሴት ስንት ዘመን ስትለምን ኖራ ወንድ ልጅ ሰጥቷታል። እሑድ አርባ ቀኑ ነው። ሁለት ቄስ ካልቆመ አይቀደስም፤ ያለነው ሁለት ብቻ ነን። እኔ ከቀረሁ ቅዳሴ የለም፣ ጥምቀትም የለም።" እኔም ደረቴን ነፍቼ "አባ፣ እሑድ ከስኩተሯ ሳይወርዱ ነው ደጀ ሰላሙ የሚደርሱት" አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

ችግሩ ቅዳሜ ነበር። ወሩ ከገባ ሃያ አንድ ቀኑ፣ ማርያም ናት። በማርያም ቀን በእኛ ሰፈር እንኳን ብረት ሊቀጠቀጥ እህልም አይፈጭም። የቤት አከራዬ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ስኩተሯን ክፍሌ ውስጥ አይታ "በዓል ነው እንግዲህ፣ አደራ!" አለችኝ። "ኧረ በስመ አብ! ላጥባት ነው" አልኳት። በሩን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ጣልኩ፣ መፍታት ጀመርኩ።

ጎማው ወጣ፣ ዘይቱ ተንቆረቆረ፣ አሮጌዎቹ ጥርሶች እንደ ቪዲዮው አንድ በአንድ ወጡ። የተጨነቅሁት ኩሽኔታው ላይ ነው፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት፣ ውስጡ ኳስ ኳስ ያለበት የብረት ቀለበት። አዲሱ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ተመትቶ ነው። መካኒኩን በስልክ ጠየቅሁት። "መጀመሪያ ድፍን ድምፅ ይሰጥሃል" አለኝ፤ "ቦታው ሲደርስ ድምፁ ይጠራል። እስኪጠራ ምታው፣ አትፍራው።"

አንዴ መታሁት። ጓ! ብረት በብረት፣ ያ ሁሉ ሰፈር ጸጥ ባለበት! ደባርቅ ሙሉ የሰማኝ መሰለኝ። ነገ "መምህሩ በማርያም ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ዋለ" ሊባል ነው። መተው ነበረብኝ፤ ወይም ለአባ "አልደረሰልኝም፣ እንደ ወትሮው እንሂድ" ማለት። አንዱንም አላደረግሁም። የሱፍ ካልሲዬን አወለቅሁና መዶሻው ላይ አጠለቅሁት፤ በላዩ ሁለተኛውን ደረብኩ። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። ድምፁን ከጎረቤት ስደብቅ ከራሴም ደበቅሁት፤ ይጥራ አይጥራ በምን ልወቅ? ሲበቃው በቃው ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ትንሽ አስቸገሩኝ። አዲስ ስለሆነ ነው አልኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ አባን ጭኜ ወጣሁ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ሊወርዱ እግራቸውን አነሱ። "ይቀመጡ አባ!" አልኩና ነዳጅ ሰጠኋት። ወጣች! እያጉረመረመች፣ ሳትቆም ወጣች። ከኋላዬ "እሰይ! እሰይ! ዛሬስ ወጣች!" ሲሉ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ከሥራችን አንድ ዓይነት ፉጨት ይሰማኝ ነበር፤ አዲስ ጥርስ እስኪለማመድ ነው ብዬ አለፍኩት። ቤተ ክርስቲያኗ ልትታይ አንድ ጥምዝ ሲቀረን ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፣ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ፣ ሁለታችንም ጠጠሩ ላይ ወደቅን።

እኔን ምንም አልነካኝም። አባ ግን በቀኝ እጃቸው ነበር የተመረኮዙት። አንጓቸው ወለም አለ፣ መዳፋቸው ተገሸለጠ፣ ደሙ አልቆም አለ። በነጠላ ጠቅልለነው የቀረውን በእግራችን ወጣን። ደርሰናል፤ መድረስ ብቻውን ግን ምን ሊጠቅም! ደም የሚፈስሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። ሌላው ቄስ እጃቸውን አይተው ልብሰ ተክህኖውን አጣጥፈው መልሰው አስቀመጡ። ዲያቆናቱም ገባቸው። ያን እሑድ ሳይቀደስ ቀረ።

ሴትዮዋ ከወይራው ሥር ተቀምጣለች። ልጁ ነጭ በነጭ ለብሶ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። ስትሰማ አንገቷን ደፋች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ያሰበችው ለእኛ ነው። "እንኳን እናንተ ተረፋችሁ" አለችኝ። አባ በሰው ፊት ቆመው "መምህሩን በክፉ አትዩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኃጢአቴ ነው" አሉ። እኔ ምላሴ አፌ ውስጥ ነበረች። "የለም፣ የኔ ነው" ለማለት ሦስት ቃል ትበቃኝ ነበር። መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ።

ልጁ በሳምንቱ ከሌላ ደብር ቄስ ተለምኖ ተጠመቀ። ግን አርባ ቀኑ አለፈው፤ አገሩም "ያ በቀኑ ያልተጠመቀው" ይለው ጀመር።

እኔን ደግሞ ሰው ሊጠይቀኝ ጎረፈ። ድፎ ዳቦ መጣ፣ እንቁላል መጣ። አከራዬ "ማርያም ናት ያተረፈቻችሁ! በዓሏን ስላከበርክ ነው!" እያለች ለመጣው ሁሉ ታወራልኛለች። ቤቴ ውስጥ የማርያም ስም በተነሣ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። "ምን ሆና ነው የቆመችው?" ሲሉኝ ደግሞ "ፎርጅድ ዕቃ ልከውብኝ ነው" አልኩ። ምንም ያልበደለኝን የጎንደር ነጋዴ ስሙን አጠፋሁት። የሰው እንቁላል እየበላሁ!

ስኩተሯን ዳባት አስጫንኩ። መካኒኩ ከፍቶ አየና ቀና ብሎ አየኝ። "ይህን በምን መታኸው? በትራስ ነው እንዴ?" አለኝ። ኩሽኔታው ግማሽ መንገድ ቀርቷል። ከተበላሹት ጥርሶች መሐል በጣቱ የሱፍ ክር መዝዞ አወጣ፤ የካልሲዬ ነው። አዲስ ኩሽኔታ አስገብቶ በባዶ መዶሻ አራቴ መታው፤ በአራተኛው ድምፁ እንደ ቃጭል ጠራ። ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለእሱም "እንጃ፣ ከደወልኩልህ በኋላ ለሌላ ሰው ሰጥቼው ነው" አልኩት።

ስኩተሯ አሁን ዳገቱን ትወጣለች። አባ ግን አይቀመጡባትም። "በእግሬ ይሻለኛል ልጄ" ይላሉ፤ እሑድ እሑድ በጨለማው ተነሥተው ሲወጡ የበራቸውን ድምፅ እሰማለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። በመጨረሻ ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። መስቀሉን በቀኛቸው ይዘው በግራቸው ደግፈውታል፤ አንጓቸው ገና አልጠናም። በዓሉን፣ ካልሲውን፣ ነጋዴውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ሰምቻለሁ" አሉኝ።

"ምኑን አባ?"

"መዶሻውን ነዋ። ከማርያም ተመልሼ አጥሩ ሥር ፀሐይ እሞቅ ነበር። ዱፍ ዱፍ ይላል። 'ተው ልጄ፣ በዓል ነው' ልልህ ብድግ ብዬም ነበር፤ የንስሐ አባትህ አይደለሁ? ከዚያ ያ ዳገት ታወሰኝ፣ ጉልበቴ ታወሰኝ። ይጨርሳት ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።" የታመመውን አንጓቸውን አሻሹ። "ኃጢአቴ ነው ስል አንተን ልሸፍን መስሎህ ነበር?"

ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ "ቀኖናህ ስግደት አይደለም" አሉኝ። "የራሴን ለልጁ እናት ነግሬያታለሁ። ያንተን አልነገርኳትም፤ ያንተን አንተ ትነግራታለህ። በእግርህ ሂድ።"

በእግሬ ሄድኩ። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኗ በታች ነው። ስታየኝ ፊቷ በራ። "ይግቡ መምህር፣ ይግቡ! እስቲ እሱን ያዙልኝ" ብላ ልጁን እጄ ላይ አኑራ ጠላ ልትቀዳ ዞረች። ልጁ ደርጅቷል፤ ጣቴን ጨብጦ ያየኛል። አፌን የከፈትኩት እሱን እንደ ታቀፍኩ ነው። በማርያም ቀን ብረት መምታቴን፣ ድምፁ እንዳይሰማብኝ መዶሻውን ማፈኔን፣ በዚያ ምክንያት መውደቃችንን፣ አባ ጥፋቱን ሲወስዱ ቆሜ ማየቴን ነገርኳት።

ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ "እግዜር ይፍታዎት" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ጣሳውን መደቡ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ አንገቱን ደግፋ፣ ጣቴን የጨበጠበትን እጁን ቀስ ብላ አላቅቃ ልጇን ወሰደችው። ጠላውን ጨርሼ ተነሣሁ፤ ልጁን መልሳ አላስያዘችኝም።