ፊልድ የወጡት ባለሙያ

ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር አጎቴ ከማንኩሳ መጡ። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶባቸው፣ መሬቱ እንዲለካላቸው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢሄዱ ጸሐፊዋ «ባለሙያው ፊልድ ወጥተዋል» ብላ መልሳቸዋለች።

«ፊልድ ምንድን ነው መምህር?» አሉኝ።

ለእኔ የሚያኮራ ጥያቄ ነበር። ማሳ ማለት እንደሆነ፣ የኳስ ሜዳም እንደሚባል፣ ሰው የተማረበት የትምህርት ዘርፍም በዚሁ ቃል እንደሚጠራ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። አጎቴ የያዙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ወደ ማሳ ከወጡማ እኛም ዘንድ ይደርሳሉ» ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ መጡ። አራት ቀን ሙሉ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ባለሙያውን ሲጠብቁ ከርመዋል። አፈርሁና አብሬያቸው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። ጸሐፊዋ አሁንም «ፊልድ ናቸው» አለች። የትኛው ቀበሌ እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«ቀበሌ አይደለም፤ ቡሬ፣ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ላይ ናቸው።»

«የምን ሥልጠና?»

«ገበሬን ሳያመላልሱ ስለማገልገል።»

አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ይችን ትርጉም አልነገርኸኝም» አሉ።

«መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለችም» አልኋቸው።

አጎቴ ከዚያ በኋላ አልተመላለሱም። ሁለት ሽማግሌዎች ጠርተው ድንበሩን በገመድ አስለኩና ከጎረቤታቸው ጋር ታረቁ። ባለሙያው ከሥልጠና ሲመለሱ ይህንንም እልባት ከሰጧቸው ጉዳዮች መካከል መዘገቡት።