እንጀራው የሺ ጋ ነው

ከባሕር ዳር የወጣሁት ሌሊት ገቢ ሠራተኛ መስዬ ነው። በሰዓት እላፊ ዘመን ሻንጣ የያዘች ሴት ከሰፈሯ ጫፍም አትደርስም፤ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለችውን የፋብሪካ ሴት ግን ማንም ልብ አይላትም። ስለዚህ ሁለት ቀሚስ ደራርቤ ለበስኩ፣ ሽሮ ሠርቼ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ከሥሩ ሦስት ፍም አመድ አልብሼ አስቀመጥኩ፣ በሬን ቆልፌ ወጣሁ። ሽሮውን ማን እንደሚበላው አላሰብኩበትም። ቢፈትሹኝ ባዶ ዕቃ ያስጠረጥራል ብዬ ብቻ ነው።

ምሳ ዕቃውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ እየሠራ ገበያ የሚያወጣ ሰው ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል በተቀጠርኩበት ሳምንት ከዘይት ቆርቆሮ ባለ ሁለት ደርብ ዕቃ ሠራልኝ። ላይኛው ወጥ ይይዛል፣ ታችኛው ጎኑ የተበሳሳ ነው፣ ፍም ይይዛል። ጠዋት የሠራሁት ወጥ ስድስት ሰዓት ላይ ስከፍተው እጅ ያቃጥል ነበር። መቼም ጥጥ ባለበት ቤት ፍም አይገባምና በር ላይ ዘበኞቹ ጋ አስቀምጬው እገባለሁ፤ የምሳ ደወል ሲደወል ይዤው ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ከደቅ ደሴት የመጡ ታንኳዎች እንጨት ሲያራግፉ እያየን እዚያው እንበላለን።

እንበላለን ያልኩት እኔና የሺን ነው። የሺ ከደብረ ማርቆስ መጥታ የተቀጠረች፣ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን የምትሠራ፣ ምላሷ ከማሽኑ የሚፈጥን ልጅ ነበረች። አከራይዋ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ እኔ ደግሞ የሚያሞቅ ዕቃ አለኝ። ስለዚህ ወጡ ከእኔ፣ እንጀራው ከእሷ ሆነ። ስድስት ዓመት እንዲህ በላን። እኔ እስላም እሷ ክርስቲያን ነንና ሥጋችን አይገናኝም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን ነው። ድግስ ያማረን ቀን ዓሣ እሠራለሁ። ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም፣ ለሁለታችንም ይሆናል። አንዳችን የታመምን ቀን ሌላዋ ወይ ደረቅ እንጀራ ወይ ባዶ ወጥ ይዛ ትቀራለች፤ ያን ቀን ዘበኞቹ ሳይቀሩ ይስቁብናል።

ባሌ ሰይድ ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ጭነት ይዞ ወደ መተማ እንደሄደ ሱዳን ገባ። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካው ካድሬ ለቀቅ አላደረገኝም። በመጨረሻ «ዓርብ ውይይት ክበብ ላይ ተነሥተሽ ባሌ ፀረ ሕዝብ ነው በዪ፣ አለዚያ አንቺም ያው ነሽ» አለኝ። የሰይድ ጓደኛ የሆነ ሹፌር ሐሙስ ማታ መኪናውን ወፍጮ ቤቱ ጋ አቁሞ እንደሚጠብቀኝ ላከብኝ። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ።

ሐሙስ ምሳ ላይ የሺ ጣቷን እየላሰች፣ «ነገ ዓርብ ነው። ምስር ሥሪ ባክሽ፣ ሽሮ ሰለቸኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። ባታውቅ ይሻላታል ብዬ ነው፤ ስትጠየቅ አላውቅም ብትል እውነቷን ይሆናል ብዬ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማታ መስጊዱን አለፍ እንዳልኩ የቀበሌያችን ጥበቃ ጋሽ ተፈራ በባትሪ አበሩብኝ። ጠመንጃቸው ከእሳቸው ይረዝማል፣ ካፖርታቸው መሬት ይጠርጋል።

«ማነሽ?»

«ዘይነባ ነኝ፣ ጋሽ ተፈራ።»

«ወዴት ነው በዚህ ጨለማ?»

«ሌሊት ገቢ ነኝ።»

ቀረብ ብለው ክዳኑን አነሡት። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታቸው። «ኧረ ይሄስ ይጤሳል! ምንድር ነው?»

«ሽሮ ነው። እንብላ።»

እንብላ ማለት መቼም ሰው ፊት ዕቃ ሲከፈት ከአፍ የሚወጣ ቃል ነው፤ የተባለውም «ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ማለፍ ነው ወጉ። ጋሽ ተፈራ ግን እራት አልበሉ ኖሮ ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ።

«እንጀራውስ?» አሉኝ።

«እንጀራው የሺ ጋ ነው» አልኩ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ስመልሰው የኖርኩት ቃል ነው። አፌ ለመደው፣ አፌ ተናገረው። ውሸት እንኳ አልመሰለኝም።

«የቷ የሺ?»

«ፈትል ክፍል ያለችዋ። ትጠብቀኛለች።»

«በይ እንግዲያ አታስጠብቂያት። እግዜር ይከተልሽ» ብለው ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙልኝ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ መኪናው ውስጥ አድረን ንጋት ላይ ከባሕር ዳር ወጣን። ወረታ ስንደርስ ሹፌሩ ዳቦ ገዛና ሽሮውን በዳቦ በላነው፤ ለብ ብሏል፣ ጨው አንሶታል። ጎንደርን አልፈን ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን፣ የሺ ይሄኔ ሐይቁ ዳር ወርዳ እንጀራዋን ዘርግታ ምስር ትጠብቃለች እያልኩ አለቀስኩ። ሹፌሩ ለባሌ የማለቅስ መስሎት አጽናናኝ።

ከመተማ ወዲያ በእግር ነው የተሻገርነው። ስለ በረሃው ብዙ የጻፉላችሁ አሉና ልለፈው። ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግብ ሰውዬ ፊት በአስተርጓሚ ተቀመጥኩ።

«ለምን አገርሽን ለቀሽ?»

«ባልሽን ፀረ ሕዝብ በዪ ብለውኝ ነው።»

«ብትይ ምን ነበረበት?»

አስተርጓሚው ራሱ አፍሮ አቀረቀረ። ሰውዬው ወደ እጄ አየ። «የያዝሽው ምንድን ነው?»

«ምሳ ዕቃ።»

«ምሳ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ምሳ ሲገኝ ያሞቅልኛል።»

ረጅም ነገር ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላህ ይወቅ፤ ከወረቀቴ ላይ ለወራት «ጉዳይዋ ይጣራ» የሚል ማኅተም አልወርድ አለ።

ካርቱም ስደርስ ሰይድ ወደ ጅዳ ከተሻገረ ወር አልፎታል። እዚያም ማግባቱን የሚያውቁት ሰዎች የነገሩኝ በጨዋታ መሀል ነው፣ የማውቅ መስሏቸው። ያን ጊዜ ውይይት ክበቡ ላይ ተነሥቼ ባሌ ክፉ ሰው ነው ብል ኖሮ ግማሹ እውነት ሊሆን ኖሯል።

የቤት አከራዬ ዓም ዑስማን፣ «ዓም» አጎት ማለታቸው ነው፣ ሽማግሌ ናቸው። ዕቃዬን ባዩ ጊዜ የኪራዩን ነገር ትተው ተቆጡ። «ይህ የአረቄ ነው! ሐበሻ ሴት በቤቴ አረቄ አታወጣም!»

«እኔ እስላም ነኝ። የምሳ ማሞቂያ ነው» አልኳቸው፣ በተሰባበረ ዐረብኛዬ።

«የምን?»

«ምግብ የሚያሞቅ። ሥራ ቦታ የምወስደው።»

በእጃቸው በሩን አሳዩኝ። ውጪ ፀሐዩ ግቢውን ነጭ አድርጎታል፣ ውሻቸው ከበርሜል ጥላ ሥር ምላሱን ጎልጉሎ ተዘርሯል። «ካርቱም ውስጥ?» አሉ። «ምግብ የሚያሞቅ?» ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩት፤ ሰፈሩ ውስጥ ስሜ «የእሳቷ ሐበሺያ» ሆኖ ቀረ። እኔም የሣቅሁ መሰልኩ እንጂ አንጀቴ አሮ ነበር።

እንጀራ አለን ይላሉ፤ ኪስራ ነው የሚሉት፣ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። ጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ላብ ያደርቃል፤ እዚህ የሚነሣው ሐቡብ ግን አሸዋ ይዞ መጥቶ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከባሕር ዳር መምጣቴን የሰማ ሁሉ ዓባይን እያሳየ «ይኸው ያገርሽ ውሃ» ይለኛል። ምን ልበለው? ውሃውን ማንም ጉዳዩ ይጣራ አላለው።

የልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። ሴቶቹ በረፋዱ ፉጡር የሚሉትን ምግብ በአንድ ትልቅ ትሪ ከብበው ይበላሉ። በመጀመሪያው ቀን ወጤን አሙቄ፣ ዳር ተቀምጬ፣ ክዳኑን ከፍቼ «እንብላ» አልኩ። ማንም ዞር አላለም፤ ቃሉን የሚያውቀው የለም። በኋላ እጄን ይዘው እየጎተቱ ትሪው ጋ አስቀመጡኝ። ደግ ሴቶች ናቸው። ሁሉም እስላም ነው፣ ሥጋውም ፉሉም ይፈቀድልኛል፣ ይህ ከማን ቤት ነው ብዬ የምጠይቀው ነገር የለም። ግን ሲፈቀድልኝ ምግቡ አልጣፍጥ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዕቃዬን ይዤ መሄድ ተውኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነኝ የባሕር ዳር ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ኑሩ፣ ለንግድ ብለው መጡ። ጉልበታቸውን ስሜ የሁሉንም ደኅንነት ጠየቅሁ፣ መጨረሻ ላይ የሺን።

«እሷማ ታሥራ ነበር» አሉ።

«የሺ? በምን ምክንያት?»

«አንቺ በጠፋሽ በማግሥቱ ጥበቃውን ጠየቋቸው። ሽማግሌው ያዩትን ተናገሩ። ‹እንጀራው የሺ ጋ ነው፣ ትጠብቀኛለች ብላኛለች› አሉ። የሺ ደግሞ ያን ቀን የሁለት ሰው እንጀራ ይዛ ተገኘች። ለማን ነው ቢሏት ለዘይነባ አለች። የት ልታደርሺላት ነበር ብለው ያዟት።»

«ምንም አታውቅም እኮ!»

«ከአንድ ዕቃ እየበላሽ እንዴት አታውቂም አሏት። ሰባት ወር ተቀመጠች። አሁን ግቢ ጠራጊ አድርገዋታል። ምነው ልጄ፣ አፍሽ ሌላ ስም አጥቶ ነው?»

ፀረ ሕዝብ በዪ ሲሉኝ አልልም ብዬ የወጣሁት ሴትዮ፣ የሰው ስም ሰጥቼ ነው የወጣሁት፤ ያውም ማንም ሳይገርፈኝ።

ሐጂ ኑሩን ለመንኳቸው። እሳቸው ለየሺ እንዲነግሯት፣ እሷም በቀጠሮው ቀን ባሕር ዳር ቴሌ እንድትገኝ። ወራት ፈጀ። እንድትመጣ መጠየቄ ራሱ ሌላ ጣጣ ሊያመጣባት እንደሚችል አውቅ ነበር፤ አውቄ ጠየቅሁ። ይቅር በዪኝ ለማለት ፈልጌ ነው፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ።

ካርቱም ስልክ ቤት ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈቀደው። ስሜ ተጠራና የስልኩ ሳጥን ውስጥ ገባሁ። መስመሩ እንደ ዝናብ ይንሿሿል።

«ሀሎ?»

ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት። «የሺ! እኔ ነኝ! ዘይነባ ነኝ!»

«እንደምን ነዎት?» አለች።

ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። «የሺ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ጤናዎ ደኅና ነው? አየሩ ተስማማዎት?»

«የሺዬ፣ ወላሂ አስቤ አልተናገርሁም። አፌ ነው። ሰባት ወር መታሠርሽን ሰማሁ...»

«ምንም አይደል። እኛ ደኅና ነነ። እርስዎ ደኅና ይሁኑ።»

«ሰው ቆሞብሽ ነው? ሰው ካለ ስለ ዝናቡ ንገሪኝ፣ ሌላ ምንም አትበዪ። ዘነበ በይኝ። አልዘነበም በይኝ።»

ስትተነፍስ ሰማኋት። ስለ ዝናብ ምንም አላለችም።

«ስላስታወሱኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ከሳጥኑ ወጣሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጸሐፊ ሰዓቱን አይቶ አዘነልኝ። «አንድ ደቂቃ ይቀርሻል፣ እዚያው ትሆናለች። እንደገና ልጥራት?» አለኝ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ከኋላዬ ያጉረመርማሉ። አንቺ ልበላት እርስዎ ልበላት አላወቅሁምና መስኮቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።