መርዶ በውድድር ዕለት

የበደለችኝ የልጄ የክርስትና እናት ናት። የበደለችኝም በታኅሣሥ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ዙሪክ ኦርሊኮን ባለው ቤቷ ነው። ስሟን አልጽፍም። ራሷን ታውቃለች።

ልጄ ለኖርዌይ የምትወዳደር የስኪ ሯጭ ነበረች። ከተራራ ቁልቁል የሚወረደውን አይደለም፤ በሜዳና በዳገት በዘንግ እየተገፋ የሚሮጠውን ነው። ከዚያም ውስጥ አጭሩን፣ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን። መጀመሪያ እያንዳንዷ ለብቻዋ በሰዓት ማጣሪያ ትሮጣለች፤ ያለፉት ደግሞ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይፋለማሉ። ከማጣሪያ እስከ ፍጻሜ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል።

አባቷ ኖርዌጂያዊ ነው። እስከ ሰባት ዓመቷ ግን አዲስ አበባ ታላቅ እህቴ ዘንድ አደገች፤ ለምን እንደሆነ እዚህ አላነሳም። እህቴን እትዬ ትላት ነበር። ጠጉሯን የሠራችላት፣ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ስትታመም አብራት ያደረችው እህቴ ናት። ወደ አባቷ አገር ስትሄድ በረዶ አይታ አታውቅም። የጎረቤት ልጆች ስኪ ላይ አቆሟት፤ ስትወድቅ ሳቁባት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚስቅ ጠፋ። ረጅሙ ሩጫ አይሆንላትም ነበር፤ በአጭሩ ግን እኩዮቿን ሁሉ ቀደመች፤ ብሔራዊ ቡድን ገባች፤ አንድ ጊዜም በትልቅ ውድድር ሦስተኛ ወጥታ የሽልማት ሰገነት ላይ ቆመች። እኔ ያኔ ከአባቷ ተለይቼ ጄኔቭ ገብቻለሁ። ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ስልኬን ማድረቂያው ላይ አስደግፌ ውድድሯን ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ ቅልጥሟ ታመመ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀመጠች። በሌላ አገር ብትሆን ይጠብቋት ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ግን ከእያንዳንዷ ሯጭ ጀርባ ቦታዋን የሚመኙ ተሰልፈዋል። በዚያ ታኅሣሥ አሰልጣኟ ከዙሪክ ብዙ በማይርቅ ተራራ ላይ ለሚደረገው ውድድር አስመዘገባትና ቁርጡን ነገራት፦ ግማሽ ፍጻሜ ከገባች በቡድኑ ትቀጥላለች፤ ካልገባች ቦታው በዕድሜ ለሚያንሷት ሯጮች ይለቀቃል። ልጄ በሕይወቷ ሌላ ሙያ አልያዘችም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የክርስትና እናቷም ታውቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። እህቴ በድንገት አርፋለች።

አላለቀስኩም። ልጄ ማታ እንደምትደውል አውቃለሁና ድምፄ እንዳይዘጋ ፈራሁ። ደወለች። አብራት የምታድረው ልጅ ማሳል ስለጀመረች እንዳይጋባባት የቡድኑ ሐኪም እሷን ከሆቴሉ እንዳስወጣት፣ እስከ እሑድም ኦርሊኮን የክርስትና እናቷ ቤት እንደምትሰነብት ነገረችኝ።

«ምነው ድምፅሽ?» አለችኝ።

«ብርድ ነው። ሰሙስ? ለስኪሽ የሚቀቡት ሰም ተስማማሽ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ወዲያው ለክርስትና እናቷ ደወልኩ። ወሬው ከአዲስ አበባ ዙሪክ መድረሱ እንደማይቀር፣ አንዱ ደውሎ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ እንደሚያፈነዳው ገባኝ። ልጄን የምትጠብቅልኝ እሷ ብቻ ነበረች።

«አደራ» አልኳት። «እሑድ ማታ፣ ውድድሩ ሲያበቃ፣ እኔ ራሴ አረዳታለሁ።»

«እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለች እያለቀሰች። «በሞቴ፣ ከአፌ አይወጣም።»

በእኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም። መንገደኛ ከመንገዱ ሳይገባ፣ የራበው ሳይበላ መርዶ አይነገረውም። እኔ የጠየቅሁት ከዚህ የተለየ አይደለም።

እሑድ በመጀመሪያው ባቡር ከጄኔቭ ተነሳሁ። ማጣሪያው ከሰዓት በኋላ ስለነበር አብሬያት ወደ ተራራው ልወጣ ነበር። ኦርሊኮን ደርሼ ደረጃውን ስወጣ በሯ ላይ የጫማ ክምር አየሁ። ዙሪክ ውስጥ በማለዳ ያን ያህል ጫማ አንድ በር ላይ የሚከመረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የሚያለቅሱ ሴቶች ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ሳሎኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ልጄ የቡድኑን ቱታ እንደለበሰች ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል። ያገኛት ሁሉ አንገቷን አቅፎ ይላቀሳል። ከአንዲት ልጅ ሳል አሽሽተን የሰው ጎርፍ ውስጥ ጣልናት።

«ምነው? ምን አደረግሁሽ?» አልኳት የክርስትና እናቷን።

«እንዴት ልቻል?» አለች። «እናት የሆነቻት ሞታ ጠዋት ቁርስ ላቅርብላት? ደግሞ ወሬው ወጥቷል፤ ሰው ቀድሞኝ በስልክ ቢነግራትስ? ለመንሸራተቻ ብዬ በነፍሴ ልጠየቅ?»

«ዛሬ ደግሞ ትሮጣለች እንዴ?» አለች አንዷ ከጥግ። «ለቅሶ ጥላ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ተሰብስቧል፤ እዚሁ ይበል!» አልኳት።

አንድ ሽማግሌ «ተይ የኔ ልጅ፣ በሐዘን ላይ ጠብ አይጨመርም» አሉኝ። የእህቴ ሐዘን የእኔ መሆኑን የሚያስታውስ በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው።

«ሐሙስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እትዬ ሞተች። አንቺ ስለ ሰም ጠየቅሽኝ። ሳቅሽ።»

ተነሳች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ቦርሳዋን አነሳች። የቡድኑ መኪና ጣቢያው ጋ ይጠብቃት ነበር። ልከተላት ስል «አንቺ አትምጪ» አለችኝ። የክርስትና እናቷን ግን አቅፋ ሳመቻት።

በባቡር ብቻዬን ወጣሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ከተመልካቹ ጋር ቆምኩ። ማጣሪያውን ለጥቂት አለፈች። በሩብ ፍጻሜው ከስድስቱ መጀመሪያ የወጣችው እሷ ናት፤ እስከ መጨረሻው ዳገት ድረስ መራች። ሁለት ሰው ቢቀድማት እንኳ የማለፍ ዕድል ነበራት። ዳገቱ እግር ላይ ስትደርስ ቆመች። አልወደቀችም፤ ዘንጓም አልተሰበረም። ዝም ብላ ቆመች። አምስቱ ግራና ቀኝ አለፏት። አጠገቤ የነበረ ሰው በጀርመንኛ ምን ሆነች ብሎ ጮኸ። እኔ አጥሩን ይዤ በአማርኛ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ በእናትሽ ሂጂ» እያልኩ ነበር፤ እሷ አልሰማችኝም።

አሰልጣኙን ፈልጌ አገኘሁት። ወጣት ነው፤ በትሕትና አናገረኝ። ቀድመን ብንነግረው ኖሮ ከውድድሩ አስወጥቶ ቦታዋን ያቆይላት እንደነበር፣ የቤተሰብ ሐዘን ላለበት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ነገረኝ። አሁን ግን ተወዳድራለች፤ ውጤቱም ተጽፏል። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እኔ ከየት ልወቅ? በሞት ምክንያት ቦታ ይጠበቃል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ አልተመረጠችም። ዛሬ በአባቷ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ የስፖርት ዕቃ ትሸጣለች። ለክርስትና እናቷ በየበዓሉ እንደምትደውል ሰምቻለሁ። «እሷ እውነቱን ነገረችኝ» ትላለች አሉ።

እኔ በማግስቱ ጄኔቭ ተመልሼ ሥራ ገባሁ። አባል ከነበርኩበት የዙሪክ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ወጣሁ። የእህቴን አርባ ጄኔቭ ዳር ሜራን ባለው ቤቴ አወጣሁ፤ ከኦርሊኮን ማንንም አልጠራሁም፤ ለልጄም አልነገርኳትም።