በልጄ ጣት ላይ የተነሰነሰው ዱቄት

ልጄ ቀኝ አመልካች ጣቷን የቆረጠችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በሸዋ ሮቢት ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ ማሳ ውሎ ቅጠሉን በቢላዋ ይቆርጣል። ፈተና አለብኝ ብሎ መቅረት በእኔ ቤት የለም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቁስሉ ትንሽ ነበር። አብራን የምትሠራው ጎረቤታችን የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍታ ቢጫውን ዱቄት ነሰነሰችበት። በእኛ በኩል ይህን ያላደረገ ሰው የለም።

"ኢንሻአላህ ነገ ይደርቃል" አለች።

እኔ ማንበብ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ስላለ ብቻ አልቀበልም። ፋርማሲ ሄድኩ። ሻጯ ወጣት ናት፤ የቁስል ቅባት አወጣችልኝ።

"ያቃጥላል?" አልኳት።

"ኧረ አያቃጥልም ጋሼ።"

"የማያቃጥል ነገር ቁስል ያድናል ብዬ አላምንም።"

"እንግዲያው በርበሬ ይነስንሱበት" አለችኝ ሳትስቅ።

የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ደጋግሜ አይቼ ገዛሁት። ቢሆንም አላመንኳትም። መጀመሪያ እሾህ የጫረውን የራሴን ቅልጥም ቀባሁና ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሁለት ቀን ጠበቅሁ። እኔን ምንም አላደረገኝም። የልጄ ጣት ግን አብጦ መታጠፍ እምቢ አለ።

ይዣት ወደ ፋርማሲው ተመለስኩ። ሻጯ ጣቱን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ።

"ዱቄት ማን ነሰነሰበት? ከላይ ደርቆ ከሥር መግል ቋጥሯል። ገና እንደተቆረጠች በንጹሕ ውኃና በሳሙና መታጠብ ነበረበት።"

"ሌላ መድኃኒት ስጪኝ።"

"አሁን ምንም አልሸጥልዎትም። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።"

ነጋዴ አልሸጥም ሲል ተንኮሉን ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ጤና ጣቢያ ነርሱ የደረቀውን ዱቄት ከጠርሙስ በቀዳው የቁስል ማጠቢያ አርሶ አነሳና መግሉን አፈሰሰ። ጠርሙሱን አንስቼ ጽሑፉን ሳነብ ልጄ በሕመሟ መሃል፣ "አባባ፣ ይህንንም ቅልጥምዎ ላይ ሊሞክሩት ነው እንዴ?" አለችኝ። ነርሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ጣቷ በመጠኑ ታጠፈ። እስክሪብቶ ይዛ አንድ መስመር ጻፈች። ፊደሉ ተንጋዷል፤ ይነበባል ግን።

"እስከ ፈተናው ማሳ አትመጪም" አልኳት።

እስክሪብቶውን አስቀምጣ፣ እኔ ነጋዴን እንደማየው ትክ ብላ አየችኝ።

"ምን አስበው ነው?" አለች።