ካርዶቹን የበወዘው አባት

ባለፈው ዓርብ ጠዋት፣ ክፍሌ በወላጅ ተሞልቶ፣ አንድ አባት ከኋላ ተነስቶ «ሚስ፣ ካርዶቹን አንዴ ልበውዛቸው?» አለኝ።

ጎፋ አካባቢ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት የዩኬጂ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ አምስትና ስድስት ዓመታቸው ነው። ዳይሬክተራችን ከወር በፊት «ወላጅ ሲመጣ ልጆቹ መደመርን ሳያስቡ መመለስ አለባቸው። እንደ ስማቸው» ብላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የለኝም። ከለቡ በታክሲ ስመጣ እንኳ ከንፈሬ ይደምራል።

ሃያ የመደመር ካርድ ሠራሁ። በየቀኑ ጠዋት የስልኬን ሰዓት ከፍቼ አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ እነሱ መልሱን ይጮኻሉ። ጣት ከለከልኩ። «ጣት የለም፣ በጭንቅላት ብቻ» እላለሁ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ደቂቃ ወረደ... ከዚያም ከዚያ በታች። ደስ አለኝ። ግን ልቤ አላረፈም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንዲት ልጅ ብቻ አልፈጠነችም። ሐያት። ሁሌ እጇን ጠረጴዛ ስር ትከታለች። ሰዓቱን እንዳታዘገይብኝ ብዬ መጨረሻ መስመር ላይ አስቀመጥኳት። ይኼን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

እና ዓርብ ዕለት ያ አባት ካርዶቹን ጠየቀኝ። የናሆም አባት ነው። ናሆም የክፍሉ ፈጣን ልጅ ነው። አባትየው ክፋት አልነበረበትም፤ ፈገግ እያለ «ልጄ ዝም ብሎ እንዳልሸመደደ ሰው ይይልኝ ብዬ ነው» አለ።

ሰጠሁት። በወዛቸውና መለሰልኝ። የመጀመሪያውን አነሳሁ። ሁለት ሲደመር ሦስት።

«ሰባት» አለ ናሆም፣ ካርዱን በደንብ ሳያየው።

ሌሎቹም «ሰባት» አሉ። ቀጣዩን አነሳሁ። አንድ ሲደመር አንድ። ክፍሉ በሙሉ «ስድስት» አለ።

ያኔ ገባኝ። ካርዶቹን ሁሌ በላስቲክ አስሬ ነው የማስቀምጣቸው። ቅደም ተከተላቸው አንድ ቀን እንኳ ተለውጦ አያውቅም። ልጆቹ መደመር አልተማሩም። ሰባት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አራት... እያሉ እንደ መዝሙር ነው የያዙት።

አንዲት እናት ሳቀች። የናሆም አባት መሬት መሬት ያያል። ናሆም ደግሞ ምን እንዳጠፋ ስላልገባው አንዴ እኔን አንዴ አባቱን ያያል።

የመጀመሪያውን ካርድ መልሼ አነሳሁት። «ሐያት፣ እስኪ አንቺ ሞክሪው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሚስ፣ ዛሬ በጣት ይቻላል?»

ያ ሁሉ ወላጅ ሰማት። «ይቻላል» አልኳት።

እጇን አወጣች። ሁለት ጣት። ከዚያ ሦስት። ቀስ እያለች እያንዳንዱን በአገጯ እየነካች ቆጠረች። መሀል ላይ የስልኬ ሰዓት ጮኸ፣ አጠፋሁት። «አምስት» አለች። ቀጣዩንም መለሰች። ሦስተኛውንም። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ጣቶቿን ያያል።

ለወላጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። «ቅደም ተከተሉን ነው የሸመደዱት። ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ የኔ ነው።»

ሲወጡ ዳይሬክተሯ ቢሮ ጠራችኝ። «ወላጅ ፊት ይሄን ማውራት ምን አመጣው?» አለች። ቅዳሜና እሁድን እቤት ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ከሥራ ተባረሻል የሚል ስልክ ጠበቅኩ፤ አልተደወለም።

እሁድ ከሰዓት ሰፈሬ ያለው ግሮሰሪ ሄጄ ቆርኪ ለመንኩ። ሰውየው «ለምንሽ ነው?» አለኝ። «ለሂሳብ» ስለው ግር ብሎት ግማሽ ፌስታል ሰጠኝ። አጥቤ አደረቅኩት።

ሰኞ ለየልጁ ስምንት ስምንት ቆርኪ አደልኩ። ሰዓት የለም። ይከፋፍሏቸዋል፣ ይቀላቅሏቸዋል፣ ይጨቃጨቃሉ። ክፍሉ ገበያ መሰለ። ዳይሬክተሯ በመስኮት አይታን አለፈች፤ ምን እንዳሰበች አሁንም አላውቅም።

ናሆም ሁለት እጁን ጨብጦ መጣ። ከዓርብ ጀምሮ አላናገረኝም ነበር። አንዱን እጁን ከፈተ፤ ሦስት ቆርኪ።

«ሚስ፣ ስምንት ነው የሰጠሽኝ። እዚህኛው ስንት አለ?»

«አምስት» አልኩት ወዲያው።

ሌላኛውን ከፈተ። አራት ነው። አንዷ ወንበሩ ስር ወድቃለች።

ረጋ ብሎ አየኝና «ሳታዪ ነው የመለስሽው» አለኝ።

ትክክል ነው... እኔም ገና ዩኬጂ ነኝ።