ይድገሙ ያልኳቸው

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንግዳ ነኝ እንዳልል ቆይቻለሁ፤ የአገሩ ሰው ነኝ እንዳልል ሶማልኛዬ ያሳፍራል። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ስናደድ ግን የምቆጣው በአማርኛ ነው። ልጆቹም ቃሉን ባያውቁት መልእክቱ ይደርሳቸዋል።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዳይሬክተራችን ቢሮው ጠራኝ። ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። መጀመሪያ አንቱ ስለው "ድሬ ላይ አንቱ የሚባለው የሞተ ሰው ነው" ብሎ ከልክሎኛል። ያለፈው ዓመት የስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ብዙ ልጆች ጥሎብናል። ጎረቤታችን ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ያሳለፋቸውን ተማሪዎች ፎቶ በትልቅ ባነር አሳትሞ ከበራችን ትይዩ ሰቅሎታል። ዳይሬክተሩ መስኮቱን በከፈተ ቁጥር የሚያየው እነሱን ነው።

"ወላሂ፣ ፊታቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ" አለኝ። "እናንተ ሐበሾች እቅድ ትወዳላችሁ። በይ አንድ እቅድ አውጪልኝ፣ ዘንድሮ ውጤት መሻሻል አለበት።"

እንወዳለን፣ አልዋሽም። እሱ የጠበቀው አንድ ገጽ ነበር፤ እኔ ግን ዝርዝር ተግባር፣ ፈጻሚ አካል፣ የጊዜ ሰሌዳ የሚል ሠንጠረዥ አስምሬ ይዤለት መጣሁ። የመጀመሪያው ነጥብ አገር ቤት የለመድነው አንድ ለአምስት ነበር፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ሰነፎች ይዞ ያስጠናል። በመጀመሪያው ቀን ወንዶቹንና ሴቶቹን ቀላቅዬ ስለመደብኳቸው ክፍሉ መቃብር ሆኖ ዋለ። ቀና ብሎ ጎረቤቱን ያየ አልነበረም። በማግስቱ ለየኋቸውና ጫጫታው ተመለሰ። ሁለተኛው ነጥብ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት ቀጥሎ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። "ለፈተናው ያልበቁ ተማሪዎች ዘንድሮ ሳይመዘገቡ ክፍሉን ይድገሙ" ብዬ ጻፍኩ። ዳይሬክተሩ እዚያ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠው።

"ይሄኛው ለትልልቆቹ ሴቶች ያስቸግራል" አለ።

ወላጅ ያኮርፋል ማለቱ መሰለኝ። ስለዚህ የራሴን ታሪክ አወጣሁለት። ደሴ ሳለሁ ሚኒስትሪ ወድቄ ስምንተኛን ደግሜያለሁ። ጓደኞቼ ዘጠነኛ ገብተው ሲያልፉ እንዳያዩኝ በጓሮ በኩል ነበር የምመላለሰው። በደገምኩበት ዓመት ግን ሒሳብ ድንገት ገባኝ፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ፤ አስተማሪ የሆንኩትም ከዚያ ተነስቼ ነው። ይህን ታሪክ ላገኘሁት ሁሉ ስለማወራው እየተሞረደ አምሮበታል። በመጨረሻም "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት። ዳይሬክተሩ ሳቀና ፈረመ። ሁለታችንም ግን ደካሞቹ ካልተፈተኑ የሚወድቀው እንደሚያንስ አልጠፋንም። እሱ ይህን በግልጽ አሰበው። እኔ ምሕረት ነው ብዬ ሸፈንኩት።

የስም ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ልጆች ነበሩ። አምስቱ አልጎዳቸውም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ፈተና የቀረላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ስድስተኛዋ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ በቁመትም በዕድሜም ከክፍሉ የምትበልጥ ልጅ ናት። ገጠር የነበሩ ከብቶቻቸው በድርቅ ሲያልቁ ነው ወደ ከተማ መጥታ አክስቷ ዘንድ ያደገችው፤ ትምህርት የጀመረችውም ዘግይታ ነው። ክፍልፋይ ሲሰጣት የላይኛውን ከታችኛው ጋር አደባልቃ ትደምራለች። ከአምስት ጥያቄ አንድ ከመለሰች እሰየው ነበር።

ዝርዝሩ በተለጠፈ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች።

"ቲቸር፣ ልፈተን። ብወድቅም ልውደቅ" አለችኝ።

"ለምን ትወድቂያለሽ? ለከርሞ በደንብ ተዘጋጅተሽ ታልፊያለሽ።"

"ለከርሞ አልኖርም። አክስቴና አጎቴ ተነጋግረዋል፤ ካለፍኩ እዚሁ እማራለሁ፣ ካላለፍኩ በርበራ እሱ ቤት እሄዳለሁ። ልጆች እንድይዝ።"

ነገሩ ያን ያህል ግልጽ ነበር። አልገባኝም ማለት አልችልም። ግን የእኔም አባት በወደቅኩ ጊዜ "ገጠር አያትሽ ዘንድ ሄደሽ ጥጃ ትጠብቂያለሽ" ብሎ ምሎ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተር ገዝቶልኝ መጣ። ወላጅ ሁሉ የሚዝተው እንደ አባቴ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሳቅ ብዬ "ያስፈራሩሻል እንጂ አያደርጉትም" አልኳት። ከፊቴ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሯል፤ እሷ ቶሎ እንድትሄድልኝ ፈልጌም ነበር። ዞራ ሄደች።

ያላሰብኩት ነገር ከዚያ በኋላ ተከተለ። ማጠናከሪያው ለተመዘገቡት ብቻ ነበር፤ እሷ ግን መምጣቷን አላቆመችም። ከአስር ሶላት በኋላ ልጆቹ ሲሰበሰቡ አብራ ትገባና ኋላ ትቀመጣለች። ለማትፈተነው ፈተና ትዘጋጃለች። ውጪ እንዳልላት አንጀቴ አልቻለም፤ አትምጪ የሚል ደንብም አልጻፍኩም ነበር። ታስጠናት ዘንድ የመደብኳት የቡድን መሪ፣ አንዲት ፈጣንና ምላሰኛ ልጅ፣ እየተቆጣች ታስረዳታለች። ቀስ በቀስ ደጋሚዋ ከአምስት ሁለት መለሰች። ሊፈተኑ ጥቂት ሲቀራቸው በሰጠሁት መለማመጃ ላይ ከአምስት ሦስት መለሰች። ወረቀቱን ሳርም ቆም ብዬ እንደገና ቆጠርኩት። ሦስት ከአምስት ያሳልፋል። ምዝገባው ከተዘጋ ሰንብቷል። ለዳይሬክተሩ ሄጄ ብናገር፣ እሱም ደውሎ ቢለምን፣ ምናልባት አንድ ስም ይጨምሩልን ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። አልሄድኩም። የእኔ እቅድ ተሳስቷል ማለት ከበደኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ውጤት ሲመጣ የፈተንናቸው ከጥቂቶች በቀር አለፉ። ዳይሬክተሩ ፍየል አሳርዶ ለመምህራን ሁሉ ሩዝ በሥጋ አበላ፣ በሁሉም ፊት ተነስቶ "እቅድ ማለት ይሄ ነው" እያለ እኔን ሲያመሰግን አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልኩ። ደስታውም አልቀረብኝም፤ ያን ደስታዬን ነው ዛሬ የምጠላው። በሐምሌ ነፋስና አቧራ መሀል የእኛም ባነር ተሰቀለ።

አዲሱ ዓመት ሲከፈት ከስድስቱ ደጋሚዎች አምስቱ መጡ። ስሟን ጠርቼ አለፍኩ። በሁለተኛው ቀንም ጠራሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ያቺን ምላሰኛ የቡድን መሪ ጠይቄ ቤታቸውን ካወቅሁ በኋላ ዓርብ ዕለት ባጃጅ ይዤ ማሕሙድ ሃይቤ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ።

አክስቷ ጅግጅጋ ብዙ ዓመት የነገደች ሴት ናት። አማርኛ ስናገር ፊቷ በራ፣ እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ ሻይ በወተት አፈላችልኝ። ልጅቷ የት እንዳለች ስጠይቃት አልደበቀችኝም።

"በርበራ ናት፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። የወንድሜ ሚስት መንታ ወልዳለች፤ እሷ ትይዛለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች። ጎበዝ ናት ይሉኛል።"

"ለምን ላኳት? ዘንድሮ ታልፍ ነበር እኮ" አልኳት። ድምፄ ከፍ ማለቱን ሰማሁት።

አክስቷ በመገረም አየችኝ እንጂ አልተቆጣችም። "ቲቸር፣ አንቺ ነሽ አልበቃችም ያልሽው። ወረቀቱን አንብበውልኛል። ልጅቷ ሦስት ቀን አለቀሰች። 'አታልቅሺ፣ አስተማሪሽ ከእኛ የበለጠ ታውቅሻለች' አልኳት። እኔ አልተማርኩም፤ ያንቺን ቃል ጥዬ የማንን እሰማለሁ?"

ያኔ ደሴ ላይ የደገምኩት አንድ ዓመት የሚጠብቀኝ ቤት ስለነበረኝ ነው። አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሰለች አብልቶኛል፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ የተቀየርኩት በራሴ ጉብዝና መስሎኝ ስፎክርበት ኖርኩ። ፈተና ወድቆ እንደሚያውቅ ሰው አብሬያት ማዘን እንኳ አይገባኝም፤ አሁን የጣልኳት እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አክስቷ ቀደመችኝ፤ ወደ ጓዳ ተጣራችና ሒጃቧን የምታስተካክል ቀጭን ልጅ ይዛ መጣች። የልጅቷ ታናሽ እህት ናት፤ ቅንድባቸው አንድ ነው።

"ይቺም እናንተ ዘንድ ናት፣ ስድስተኛ ገብታለች" አለችኝ። "ወንድሜ ሌላ ሰው ቤቱ ያስፈልገዋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ይጠይቀኛል። ለትምህርት የማትሆን ከሆነ እባክሽ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ በከንቱ አትድከም።"

ልጅቷ ወለሉን እያየች ቆማለች።

"ትሆናለች" አልኩ። ያስተማርኳት ቀን የለም፤ ደብተሯንም አይቼው አላውቅም።