የላጨናት ልጅ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ልጄም እዚያው እኔ ክፍል ነበረች። ዴስክ ስለማይበቃ ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ ከልጄ አጠገብ የምትቀመጠው ከገጠር የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ የምትመጣ ልጅ ናት። ጎበዝ አንባቢ ነበረች። ልጄ ፊደል ሲምታታባት በክርኗ ነካ አድርጋ በሹክሹክታ ትነግራታለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ፀጉሯ ረጅም ነበር። እናቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሹሩባ ትሠራታለች፤ ሰኞ ጠዋት አዲስ ተሠርታ ስትመጣ የቅቤው ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። ያን ሽታ አልወደውም ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አልቆ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት አንድ የከተማው ወላጅ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ "ልጄ ቅማል ይዞ መጣ" ብሎ ተቆጣ። ርእሰ መምህሩ ሰብስቦን የየክፍላችንን ልጆች ራስ እንድናይ፣ የተገኘበት እዚያው እንዲላጭ አዘዘን። ወላጅ ይጠራ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልሁም።

ዓርብ ዕለት፣ ከረፍት ደወል በኋላ፣ በሁለት እርሳስ ፀጉር እየገለጥሁ ከፊት ዴስክ ጀመርሁ። ስድስት ወንዶች ላይ አገኘሁ። ወንዶቹ ድሮም በየወሩ ስለሚላጩ እየተሳሳቁ ወጡ። ከዚያ ባለ ሹሩባዋ ልጅ ዘንድ ደረስሁ። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከሹሩባው ሥር፣ ቅጫሙ እንደ ነጭ ጤፍ ተጣብቋል። ውጪ አልኋት። ቀጥላ ልጄ ነበረች። ፀጉሯን ከፈል ሳደርገው ያው ቅጫም ነው፤ እንዲያውም አንዲት ቅማል በእርሳሱ ጫፍ ሥር ስታልፍ አየሁ። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስታክ ከርማለች፤ እኔ ደግሞ ፎረፎር ነው እያልሁ ቅባት ስቀባት ነበር። ፀጉሯን እንደነበረው መለስሁት።

"አንቺ ደህና ነሽ" አልሁና ወደሚቀጥለው ዴስክ አለፍሁ።

ልጅቱ ገና አልወጣችም ነበር፤ ደብተሯን እየሰበሰበች ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ መቀስና ምላጭ ይዛ ትጠብቃለች። ልጅቱን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ራሷን የያዝሁት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ "ቲቸር፣ እናቴ ሳታውቅ?" አለችኝ። ይበቅላል አልኋት። ሹሩባው ሳይፈታ እንደተጎነጎነ ወደቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠርጋ ከደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር አቃጠለችው።

ቤት እንደገባን በሩን ዘጋሁና የልጄን ራስ በዘይት አርሼ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ማበጠር ጀመርሁ። ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ነበር፤ ጨርቁ ላይ የወረደውን መቁጠር አልፈለግሁም። ልጄ "ከእሷ ወደ እኔ ነው ወይስ ከእኔ ወደ እሷ የሄደው?" ብላ ጠየቀችኝ። ማሳከክ የጀመራት በዕረፍቱ ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ሰንብታ ከተመለሰች ወዲህ መሆኑን አውቃለሁ። ማን ያውቃል ብዬ መለስሁላት። ለማንም እንዳትናገርም አስጠነቀቅኋት። የስምንት ዓመት ልጅ የኔን ውሸት እንድትሸከም ያደረግሁት እንዲህ ነው።

ሰኞ ጠዋት የልጅቱ እናት መጣች። ርእሰ መምህሩ አስጠራኝ። ቀጭን ሴት ናት፤ መቀመጫ ብንሰጣትም ቆማ ነው የተናገረችው። በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ሐዘን ሲደርስባት ነው። ልጅቱ ዓርብ ወደ ቤቷ ስትሄድ ያገኛት ሁሉ ማን ሞተባችሁ እያለ ጠይቋታል። አንዲት አሮጊት ጎረቤትም መርዶ መስሏቸው ከነለቅሷቸው ደጃፏ ድረስ መጥተዋል።

"ልጄ ቅማል ካለባት ለእኔ መንገር ነበር" አለች። "ላምባ አላጣ፣ ማበጠሪያ አላጣ። ራሷን የምትላጨው እኔ የሞትሁ ለት ነበር።"

ርእሰ መምህሩ የጤና ጉዳይ መሆኑን፣ ለሁሉም ልጆች ሲባል የተደረገ መሆኑን አስረዳት። እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ መልሳ ከልጇ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጡት ሌሎቹ ልጆችስ እንዴት ሆኑ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ርእሰ መምህሩ ቀደመኝ። "አጠገቧ የምትቀመጠው የመምህርቷ ልጅ ናት፤ እሷ ንጹሕ ናት" አላት። እኔም ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስም መጥሪያ አገላብጥ ነበር። ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች።

ልጅቱ ሻሽ አስራ መምጣት ጀመረች። ልጆቹ ሻሹን እየሳቡ ቅማላም ይሏት ነበር። ስሰማ እቆጣለሁ፤ ዞር ስል ይቀጥላሉ። ልጄንም ወደ ፊት ዴስክ አዛወርኋት። ለዓይኗ ይሻላታል አልሁ። ሦስተኛዋም ልጅ ከአጠገቧ ሸሽታ ልጅቱ ብቻዋን ስትቀር ማንበቧንም ተወችው፤ ስጠራት ተነሥታ ትቆማለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰችም። ከዚያው መንደር የሚመጡ ልጆችን ስጠይቅ ጉንደ ወይን አክስቷ ጋ ሄዳለች አሉኝ።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ እናቷን አገኘኋት። ያወቀችኝ እሷ ናት። እንደ ደንቡ ጤናዬን ጠየቀችኝ፤ የልጄንም ጤና፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰችም ጠየቀችኝ። አምስተኛ አልሁ። ያንቺስ ልጅ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። እዚያው ጉንደ ወይን የአክስቷን ሕፃን ትይዛለች አለችኝ። ትምህርቷን አልቀጠለችም።

ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት። "የኔም ልጅ ነበረባት" አልኋት። "አይቼ ነው ያለፍኋት።"

ፊቷ አልተለወጠም። "አውቃለሁ" አለችኝ። "ልጄ የዚያኑ ለት ነግራኛለች። ቢሮ ውስጥ የጠየቅሁዎት እንዲናገሩ ብዬ ነበር።"

ይቅርታ አልኋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አለችና፣ አብራት የመጣች ጎረቤቷ እየጠበቀቻት መሆኑን ነግራኝ በእህሉ ተራ በኩል ሄደች። ተከትያት ልጅቱን መልሺያት፣ ደብተርም ልብስም እኔ እችላለሁ ለማለት አስቤ ነበር። አልተከተልኋትም። በየትኛው አፌ?

አምና እንደገና ራስ እንድናይ ታዘዝን። ወላጅ ሳይጠራ የማንም ልጅ ፀጉር አይነካም ብዬ በስብሰባው ላይ ተናገርሁ። ርእሰ መምህሩ ትንሽ አሰበና ይሁን አለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።